ልቡ ሲመጣ እግሩ ሄደ

አንድ ሰው በማለዳ ሜዳ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

መኪና አይደለም የሚጠብቀው። ዘመድም አይደለም። አንድ ተጫዋች ነው የሚጠብቀው። ፊሽካው ከአንገቱ ተንጠልጥሏል፤ እጆቹን ቱታው ኪስ ውስጥ ከትቷል፤ ዓይኑን ከሜዳው በር ላይ አላነሣም። ከኋላው ሌሎቹ ተጫዋቾች ታኬታቸውን አጥብቀው ሰውነታቸውን እያፍታቱ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ልምምድ የሚሠራው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ከሐይቁ ማዶ አንዴ ብቅ ካለች ያ ሜዳ እሳት ነው።

አምበሉ መጣና፣ «ኮች፣ እንጀምር?» አለው።

«ትንሽ እንጠብቅ።»

ትንሽ ጠበቁ። የሚጠበቀው አልመጣም።

«ኮች፣ ፀሐይ እየወጣች ነው።»

«ትንሽ አልኩህ እኮ!»

ወገኖቼ፣ ሰው መጠበቅ ያደክማል። ጨርሶ የማይመጣ ሰው ቢሆን ትታችሁት ትሄዳላችሁ። የሚያደክመው ሌላ ነው። የሚያደክመው፣ ሊመጣ የሚችል፣ ሲመጣ ደግሞ የጠበቃችሁትን ሁሉ የሚያስረሳችሁ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ትታችሁ መሄድም አትችሉ፤ ቆማችሁም አትጠግቡ።

በመጨረሻ መጣ። እየሮጠ ነው? አይደለም። እያዛጋ ነው።

«ኮች፣ እንቅልፍ ጣለኝ» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። አምበሉም ሳይወድ ሳቀ። አሰልጣኙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ እሱም ሳቀ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው ሲያጠፋ የሚያስቀን ከሆነ፣ መቼ ነው የሚታረመው?

የአሰልጣኙ ስም ዘርጋው ነው። ከተማዋ በደቡብ ናት፤ ሙዝ በየቀኑ በመኪና እየተጫነ የሚወጣባት፣ ኳስ የምትወድ ከተማ። ዘርጋው በወጣትነቱ ራሱ ተከላካይ ነበር። ማንም ስሙን እየጠራ የማይዘፍንለት፣ ግን ሳይጎድል የሚሰለፍ ተከላካይ። ተሰጥኦ እንደሌለው ያውቅ ነበር። የበላውን እንጀራ በላቡ ነው የበላው፤ ሌላው አንዴ አይቶ የሚይዘውን እሱ ደጋግሞ ሠርቶ ነው የያዘው። እንዲህ ያለ ሰው ተሰጥኦ ሲያይ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ይቀናል። ዘርጋው ግን ወደደ። ከልክ በላይ ወደደ።

ልጁን ያገኘው የሰፈር ቡድኖች ለበዓል ሲጋጠሙ ነው። አቧራ ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ለግብ ምሰሶ ተተክሎ። ምናሴ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራ እግሩ ከቀሪው ሰውነቱ የተለየ ነፍስ ያለው የሚመስል ልጅ። ኳሱን አይመታውም፤ ያናግረዋል። ተከላካዮቹ ወደ ግራ ሲያስቡ እሱ በቀኛቸው አልፏል። ዘርጋው ወጣና የልጁን ቤት ጠየቀ።

እናቱ ወይዘሮ ፋንታዬ መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ ይሸጣሉ። ዘርጋው ሄዶ፣ ልጅዎን ለክለብ ይስጡኝ አላቸው። ሴትዮዋ የሙዙን እጅ አስቀምጠው ሽቅብ አዩት።

«አሰልጣኝ፣ የእኔ ልጅ እግሩ ብቻ ነው ያደገው፤ ጭንቅላቱ ገና ነው። እግሩን ሊወስዱ ከሆነ ጭንቅላቱንም አብረው ይውሰዱልኝ። አደራ።»

«አደራ እማማ» አለ ዘርጋው።

አደራ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀላል ቃል አይደለም። አፍ ላይ ግን ቀላል ነው። ከአፋችን እስኪወጣ ድረስ ምንም አይከብደንም።

መጀመሪያ ላይ ዘርጋው ሞክሯል፤ እውነቱን እንናገር። መክሯል። ቤቱ ወስዶ አብልቶታል። «ልጄ፣ እግር ይደክማል፤ እግርን የሚሸከመው ሥራ ነው» ብሎታል። ምናሴ አንገቱን ይነቀንቃል። እሺ ይላል። እሺ ማለት የሚቸግረው ልጅ አልነበረም፤ እሺ ብሎ በመቅረት ነው የተካነው። ሰኞ እሺ ይላል፤ ማክሰኞ ጫት ቤት ይውላል። ሩጫ ሲታዘዝ አንድ ዙር ሮጦ ታኬታዬ ላላ ይላል። ጓደኞቹ ሲጨቀጭቁት ደግሞ መልስ አለው፤ «ኳስ ካልደረሰኝ ለምን እሮጣለሁ? ከደረሰኝስ ማን ያስሮጠኛል?» ይላል።

ይህን ሲል ደግሞ ልክ ይመስል ነበር። ለምን? እሑድ ስለሚያገባ ነዋ!

ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋል፤ እሑድ ያገባል። ሳምንቱን ሙሉ ያመሻል፤ እሑድ ያገባል። ሌላው ሳምንቱን ሙሉ ላቡን ያፈሳል፤ እሑድ ኳሱን ለእሱ ያቀብለዋል፤ እሱ ያገባል። ከተማው ስሙን ይዘፍናል። ሻይ ቤት ሲገባ ሒሳብ አይጠየቅም። ልጃገረዶች ያዩታል። እንዲህ ላለ ልጅ ተሳስተሃል ቢሉት በምን ጆሮው ይሰማል?

አንድ ጊዜ ግን ዘርጋው ጨከነ።

ያን ሳምንት ምናሴ የጓደኛው ሚዜ ሆኖ ሌላ ከተማ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ሰርጉ አልቆ፣ መልሱም አልቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። ዘርጋው ጠራውና፣ «እሑድ አትሰለፍም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነህ» አለው።

«እሺ ኮች» አለ ምናሴ። ፈገግ ብሎ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የክለቡ ሰብሳቢ አቶ ሽብሩ ደወሉ። «ዘርጋው፣ ሕዝቡ ሜዳ የሚገባው አንተን ለማየት ነው እንዴ?» አሉት። «ሥርዓት መያዝ አለበት» አለ። «ሥርዓት ጥሩ ነው፤ ሥርዓት ግን ጎል አያገባም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እሑድ ሆነ። ጨዋታው ተጀመረ። የዘርጋው ቡድን ገና ከመጀመሪያው ጎል ገባበት። ከዚያ በኋላ ሜዳው በሙሉ አንድ ስም ብቻ ይጠራ ጀመር። ምናሴ! ምናሴ! ከዘርጋው ኋላ የውሃ ፕላስቲክ ተወረወረ፤ ትከሻው ላይ አረፈ። ሰብሳቢው ከክብር ወንበራቸው ላይ ቆመው ወደ እሱ ያያሉ። ዘርጋው ዞር አለ። ምናሴ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሱፍ ይቆረጥማል።

«ተነሥ» አለው።

ምናሴ አልቸኮለም። ጃኬቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ሰውነቱን እንኳ አላፍታታም። ገባ። የመጀመሪያውን ቅጣት ምት ወሰደና ግብ ጠባቂው ቆሞ እያየው መረቡ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለተኛውን ማለቂያው ላይ ደገመው። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገባ። በትከሻው ተሸከመው። ሲዞሩ ሲዞሩ በአሰልጣኙ ፊት አለፉ። ምናሴ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ዝቅ አለና የዘርጋውን ራስ ዳበስ አደረገው። አባት የልጁን ራስ እንደሚዳብስ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘርጋውም ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ?

ልጁ የጠፋው በዚያ ቀን ነው፤ ግን ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም ሲጨፍር ነበር። ብዙ ሰው የሚጠፋው ሲሸነፍ ይመስለናል። አይደለም፣ ወገኖቼ። ሽንፈትማ ያስደነግጣል፤ ያስደነገጠ ነገር ደግሞ ይመክራል። ምናሴን ያጠፋው ድል ነው። ሳይዘጋጁ ማሸነፍ ነው። አንዴ ሳይዘጋጅ ያሸነፈ ሰው፣ ዝግጅት የሞኞች ነው ብሎ ያምናል።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙ።

ለወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ምርጫ ተጠራ። ከተማዋ ተደሰተች። ዘርጋው ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። እናቱ ከሙዛቸው ላይ ተነሥተው አቀፉት። ዘርጋው አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሞ፣ «ስትደርስ ተኛ። ሩጥ ሲሉህ ሩጥ። ኳሱንማ ታውቃለህ። ሩጥ ብቻ» አለው። «እሺ ኮች» አለ ምናሴ።

ብዙ አልቆየም፤ ተመልሶ መጣ። ምን ሆንክ? ቢሉት፣ «ሰው የለኝማ! የሚመረጠው ሰው ያለው ነው» አለ።

ከተማው አመነው። ለምን አያምን? ይህን ቃል ማን ያላለው አለ? ሥራ ሲያጣ፣ ፈተና ሲወድቅ፣ ሰው የለኝም ያላለ እስቲ ማን ነው? አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። እውነት ስለሆነም ነው ለውሸት የሚመቸው። ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለ ምናሴ ተቆጣ። ወይዘሮ ፋንታዬ መናኸሪያው በር ላይ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እውነቱን ግን አንድ ሰው ያውቅ ነበር። ምርጫውን ከሚመሩት አንዱ የዘርጋው የድሮ የቡድን ጓደኛ ነው፤ ደውሎለታል። «ዘርጋው፣ ልጅህ ኳስ ላይ ወደር የለውም። እንደሱ ያለ ካየሁ ቆይቻለሁ። ግን ዘግይቶ መጣ። ሩጫውን ሳይጨርስ ዛፍ ጥላ ሥር ሄዶ ተጋደመ። ና ተነሥ ብንለው ሳቀ። ምን እያስተማራችሁት ነው የላካችሁልን?»

ዘርጋው ይህን ለከተማው አልተናገረም። ለወይዘሮ ፋንታዬም አልተናገረም። ምናሴንም ጠርቶ፣ አውቄብሃለሁ አላለውም። ለምን? ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ልጁ ቢኮርፍበት ማን ያገባለታል?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ቅጠሉ በእጁ ነበር። እሳቱን ግን ይሞቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ አይወራም፤ ድምፅ አልነበረውምና። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምታችኋል። መጀመሪያ የጨዋታው ማለቂያ ከበደው፤ እሱ ግን አሰልጣኙ አላሳረፈኝም አለ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ ያብጥ ጀመር፤ ሐኪም የሰጠውን እንቅስቃሴ ጥቂት ቀን ሠርቶ ተወው። ከዚያ ተከላካዮች ይደርሱበት ጀመር። ድሮ የማይደርሱበት ይደርሱበታል፤ እሱ ግን ሜዳው ነው አለ፣ ኳሱ ነው አለ፣ ዳኛው ነው አለ። አንድ ዓመት ክለቡ ሌላ ወጣት አመጣ። ሕዝቡ ሌላ ስም መዝፈን ጀመረ። ሕዝብ ሲዘፍን እንደሚሰማ፣ መዝፈኑን ሲተው ግን እንደማይሰማ ታውቃላችሁ?

ምናሴ ሌላ ክለብ ሄደ። በጭብጨባ ተቀበሉት፤ በዝምታ ሸኙት። ሌላም ሄደ፤ እዚያም እንዲሁ። ዘርጋውም ቡድኑ ሲወርድ ተሰናበተ። ሰብሳቢው አቶ ሽብሩ እጁን ጨብጠው፣ «ሥርዓት አላስያዝክም» አሉት። ዘርጋው ልብሱን ሸክፎ ደጋ ወዳለች፣ ብርድ ወዳለባት ትንሽ ከተማ ሄደና ዝቅተኛ ሊግ ላይ ያለ ቡድን ያዘ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሲቆም ወገቡን ይዞ ነው የሚቆመው።

ዓመታት አለፉ።

አንድ ጠዋት ዘርጋው ወደ ሜዳ ሲመጣ ጭጋግ ውስጥ ሰው ይሮጣል። ብቻውን ነው። ከገዛ ተጫዋቾቹ አንዱም አልደረሰም። ማን ነው? ብሎ ቆመ። ሰውየው ዞሮ ቀረበ። ምናሴ ነው።

ሰውነቱ ወፍሯል፤ ፊቱ ግን ከስቷል። ፈገግታው የለም። እየተነፈሰ መጣና የአሰልጣኙን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ኮች፣ አንድ ዕድል ይስጡኝ።»

«ምናሴ፣ ከየት መጣህ?»

«ትቻለሁ ኮች። ጫቱንም፣ መጠጡንም፣ ሁሉን ትቻለሁ። አግብቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ሴት ልጅ ወልጃለሁ።» ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገ። «ሰዎች አባትሽ እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር ይሏታል። እሷ ግን ስጫወት አላየችኝም። አንድ ዓመት ብቻ። ደመወዝ ባይኖርም ግድ የለኝም። ትየኝ ብቻ።»

ዘርጋው ልቡ ተረበሸ። የጠበቀው ሰው ነው የመጣው። ያን ሁሉ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆሞ የጠበቀው ምናሴ ይህ ነበር። ይህን ልብ ነበር የፈለገው።

«ታኬታህን አምጥተሃል?» አለው።

«አምጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ከቡድኑ ጋር ትጀምራለህ።»

በነጋታው ምናሴ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። በማግስቱም ቀድሞ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ ቀድሞ መጣ። ሩጫ ሲባል ይሮጣል። ድገሙ ሲባል ይደግማል። ከልምምድ በኋላ ኳሶቹን ሰብስቦ መረብ ውስጥ የሚከተው እሱ ነው። ወጣቶቹ ሲያላግጡ፣ «አትቀልዱ ወንድሞቼ፣ እግራችሁ እንግዳ ነው፤ አስተናግዱት» ይላቸዋል። ዘርጋው ማታ ለባለቤቱ፣ «ሰው ሆኖልሻል» አላት። እሷም ደስ አላት።

ከዚያ የወዳጅነት ጨዋታ ቀን መጣ። ዘርጋው ምናሴን ከመጀመሪያው አሰለፈው። ተመልካቹ ጥቂት ነው። ምናሴ ሚስቱንና ልጁን አምጥቷል፤ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕፃኗ ብርቱካን ትልጣለች።

ፊሽካ ተነፋ።

ምን እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ምናሴ ሁሉን ያይ ነበር። ከማንም በፊት ያይ ነበር። ኳሱ የት እንደሚወድቅ፣ ተከላካዩ የት እንደሚሳሳት፣ ክፍተቱ መቼ እንደሚከፈት። ዓይኑ ያው ዓይን ነው። ግን ዓይኑ እዚያ ሲደርስ እግሩ እዚህ ነው። ክፍተቱን አይቶ ሲነሣ ተዘግቷል። ኳሷን ሊያሳልፍ ግራ እግሩን ሲልክ፣ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ከሥሩ ወስዷት ሄዷል። ተነሥቶ አባረረው። ከልቡ አባረረው። በሕይወቱ ያን ቀን እንዳባረረው አባርሮ አያውቅም። አልደረሰበትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳካለት። መሐል ላይ ኳስ ደረሰችው፤ ቀና ሳይል በግራ እግሩ ውጫዊ ጎን ሸረፍ አድርጎ ላካት፤ ኳሷ በሁለት ሰው መካከል እንደ ክር አለፈች። ዘርጋው ዓይኑን ጨፈነ። ያቺ ኳስ ከስሕተቶቹ ሁሉ ይልቅ አሳመመችው። ምን እንደጠፋ ያሳየችው እሷ ናት።

ዕረፍት ሳይደርስ ምናሴ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ቆመ። ከተመልካች አንዱ፣ «ኧረ ሽማግሌውን አስወጡት!» አለ። ሽማግሌ! ዘርጋው በዚያ ዕድሜው ገና ጥሩ ተከላካይ ነበር። ቀየረው። ምናሴ አልተቆጣም፤ አልተመናጨቀም። የሚተካውን ልጅ አቅፎ፣ «በርታ» ብሎት ወጣ። እንዲህ አድርጎ ከሜዳ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ሁለቱ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ኮች፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ ምናሴ።

ዘርጋው መሬት መሬት አየ። «አይሆንም ልጄ» አለ።

«አውቄዋለሁ። አየዋለሁ እኮ ኮች። ኳሱን አየዋለሁ። እግሬን ስጠራው ነው የማይሰማኝ።»

ምናሴ የታኬታውን ገመድ ፈታ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ያኔ ስቀር፣ አምሽቼ ስመጣ፣ ከምርጫው ተባርሬ ስመለስ… ለምን አላባረሩኝም? አንድ ቀን እንኳ በሩን ዘግተው ለምን አልመለሱኝም?»

ዘርጋው ብዙ መልስ ነበረው። ወድጄህ ነው ማለት ይችላል። ልጅ ስለነበርክ ነው ማለት ይችላል። ሰብሳቢው አስቸግረውኝ ነው ማለት ይችላል። ሁሉም ግማሽ እውነት ነው። ሰውየው ግን በግማሽ እውነት ደክሞታል።

«ታሸንፍልኝ ነበር» አለ።

ዘርጋው ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰድበው ይቀለው ነበር። ምናሴ ግን አልተሳደበም።

«እኔም እኮ ስለማሸንፍ ልክ ነኝ ብዬ ነው» አለ።

ሕፃኗ እየሮጠች መጥታ አባቷ ጭን ላይ ወጣች። «አባ፣ ለምን ወጣህ?» አለችው። «ደከመኝ» አላት። አቅፏት ሄደ።

ምናሴ ዛሬ የት ነው ትሉኝ ይሆናል። አለ። ወደ አገሩ ተመልሷል። ሐይቁ ዳር ሙዝ በሚጭኑ መኪኖች ላይ ይሠራል። ሚስቱን ይወዳል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ጫት ቤት ደጃፍ አይረግጥም። ጌታ ይቅር ብሎታል። ይህን አትጠራጠሩ። ግን ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ ጉልበት ግን ይቅር አይልም። ንስሐ በደልን ይደመስሳል፤ ያለፈውን ማለዳ ግን መልሶ አያመጣም። በምሕረት ቤት ውስጥ ሆኖም ሰው ያጣውን ያጣል።

መክሊቱን ስለቀበረ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስንሰማው፣ እኛ እንኳ አልቀበርንም እንላለን። ምናሴም አልቀበረም! ፈርቶ መሬት ውስጥ አልደበቀም። አደባባይ አውጥቶ፣ አብለጭልጮ፣ ለሕዝብ አሳየው። ማሳየት ግን መነገድ አይደለም። የሚታይ መክሊት ሁሉ የሚያተርፍ መክሊት አይደለም። ሳይቀብሩም ማባከን አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ደክሟችኋል፤ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ።

እናንተ መዘምራን፣ ድምፅ የተሰጣችሁ። ረቡዕ ልምምድ ላይ የማትታዩ፣ እሑድ ግን ማይክ የምትይዙ። ስትዘምሩ እናለቅሳለን፤ እውነት ነው። ያለቀስነው ግን ረቡዕን ትክክል አያደርገውም።

እናንተ ወጣቶች፣ ሌሊቱን አጥንቶ ከሚያልፈው ጓደኛችሁ እኩል ሳታጠኑ የምታልፉ። አእምሯችሁ ፈጣን ነው። እስከ መቼ? ድንገት አንድ ቀን ሥራ የሚጠይቅ ነገር ፊታችሁ ይቆማል፤ መሥራት ግን አልተማራችሁም።

እናንተ አባቶች፣ ሰው ሲጣላ የምትጠሩ፣ አንደበታችሁ የተባረከ። የጎረቤትን ጸብ አብርዳችሁ ትገባላችሁ። የገዛ ልጃችሁን መቼ ነው ቁጭ ብላችሁ ያናገራችሁት?

ደግሞ እኛ የምናጨበጭበው! ራሳችንን ነፃ አናውጣ። ልጃችን አንደኛ ስለወጣ ውሸቱን የምናልፍለት። ሰባኪው አፉ ስለጣፈጠ ኑሮውን የማንጠይቀው። ሠራተኛው ገቢ ስለሚያመጣ ምግባሩን የማንነካበት። ወደድነው እንላለን። አልወደድነውም፤ ተጠቀምንበት። የሚወድ ሰው ያሳዝናል፤ ያስለቅሳል፤ ይዘጋል፤ ይሸነፋል። ስለ አንድ ልጅ ነፍስ አንድ እሑድ መሸነፍ ያቅተናል እንዴ?

አጠገባችሁ ተሰጥኦ ያለው፣ ግን የሚንሸራተት ሰው አለ። እያንዳንዳችሁ አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። ዛሬ ንገሩት። ይቆጣችኋል፤ ይቆጣ። ይኮርፋችኋል፤ ይኩረፍ። ገና እግሩ እያለ ንገሩት።

ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ጭብጨባውን አትመኑት። እሑድ ሁላችንም እዚህ ነን፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ ከበሮው ይመታል፤ እሑድ ማንም ጎበዝ ነው። ሰው የሚሠራው ግን በባዶ አዳራሽ ነው። ወንበሩ ባዶ፣ ማይኩ ተነቅሎ፣ የሚያይ ሰው ሳይኖር፣ ያንኑ መዝሙር ደግማችሁ ደጋግማችሁ ስትዘምሩ። እግዚአብሔር እሑድ ብቻ አይደለም ቤቱ የሚገባው። ረቡዕም አለ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ረቡዕ ማን ይመጣል?